የጦር ሜዳ ወሬ የማን ነው?

«ሴባስቶፖል» የሚለውን ስም ስትሰሙ ወዲያው ወደ ሐሳባችሁ የሚመጣው ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት፣ በብዙ ሰው ጕልበት ገደልና ሸለቆ አቋርጦ ወደ መቅደላ የወጣው ታላቅ መድፍ መሆኑ አያጠራጥርም። አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ ዋናው ግን ዛሬም ከመቅደላ አምባ አልወረደም። ይሁን እንጂ ይህ ስም የመድፍ ስም ከመሆኑ በፊት የከተማ ስም ነበረ። ሴባስቶፖል በጥቁር ባሕር ዳር፣ ክሪሚያ በምትባለው ባሕረ ገብ ምድር ላይ የተቈረቈረች፣ በዚያ ዘመን የሩሲያ የጦር መርከቦች መጠለያ የነበረች ወደብ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ከ1854 እስከ 1855 ድረስ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የቱርክ ጦር፣ በኋላም የሰርዲኒያ ጦር ተጨምሮበት፣ ዐሥራ አንድ ወር ያህል ከበባት። የከበባው ዝና ባሕር ተሻግሮ፣ በረሃ አቋርጦ ከኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ጆሮ ደረሰ፤ ለመድፋቸውም ስም ሆነ። ዝና ግን በራሱ እግር አይሄድም። የሚያደርሰው ሰው ይፈልጋል።

በቋንቋችን አንድ ጦር ፈጽሞ መደምሰሱን ስንገልጽ «ወሬ ነጋሪ እንኳ አልተረፈም» እንላለን። በዚህ አነጋገር ወሬ ነጋሪው የሚታሰበው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ አቧራ ለብሶና ቈስሎ ከጦር ሜዳ የሚመለስ ሰው ሆኖ ነው። እስቲ አባባሉን ገልብጣችሁ አስቡት። ጦሩ ገና ሳያልቅ፣ በማለቅ ላይ ሳለ፣ ወሬ ነጋሪው ከመካከሉ ቁጭ ብሎ ያየውን እየጻፈ ወደ አገር ቤት ቢልክስ? ጽሑፉንም አገሬው ብቻ ሳይሆን ጠላትም የሚያነበው ቢሆንስ? ይህ ሰው ለወገኑ የሚጠቅም ነው ወይስ የሚጐዳ?

የራሴን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ። የወገን ጦር በገዛ አለቆቹ ቸልተኛነት ሲጠፋ አይቶ የጻፈ ዘጋቢ አገሩን አልከዳም ብዬ አምናለሁ። ከዳ ያሉት ሰዎች ግን ሙሉ በሙሉ ተሳስተው ነበር ለማለት አልደፍርም። ማስረጃውን አይታችሁ የምትፈርዱት እናንተ ናችሁ።

ከክሪሚያ ጦርነት በፊት የአውሮፓ ጋዜጦች የጦርነት ወሬ የሚያገኙት በአብዛኛው በሦስት መንገድ ነበረ። አንደኛው የጦር አዛዡ ለመንግሥቱ የሚልከው መግለጫ ነው፤ በዚህ መግለጫ የሚሸነፍ አዛዥ እምብዛም አይገኝም። ሁለተኛው መኰንኖች ለዘመድ ወዳጅ የሚጽፉት ደብዳቤ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከሌላ አገር ጋዜጣ መገልበጥ ነው። በ1854 መጀመሪያ ላይ የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ጆን ዴሌን ግን አየርላንዳዊ ዘጋቢውን ዊልያም ሐዋርድ ራስልን ከጦሩ ጋራ እንዲዘምት ላከው። ለፋሲካ ትመለሳለህ ብሎት ነበር። ራስል ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ አልተመለሰም። በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የቆመለት መታሰቢያ የመጀመሪያው የጦርነት ዘጋቢ ይለዋል። ይህ እንኳ ትንሽ የተጋነነ ነው፤ ያው ጋዜጣ በ1808 ሄንሪ ክራብ ሮቢንሰን የተባለ ሰው ወደ ስፔን ልኮ ነበርና። ልዩነቱ ሮቢንሰን ውጊያውን ከሩቅ ሆኖ ሲሰማ፣ ራስል ግን ከወታደሩ ጋራ በጭቃው ውስጥ መዋሉና ማደሩ ነው።

ለራስል ስንቅ ይሰፈርለት፣ መጠለያም ይሰጠው ብሎ ያዘዘ አልነበረም። ዋናው አዛዥ ሎርድ ራግላን እንደሌለ ቈጠረው። እሱ ግን ወፈር ያለ፣ ጨዋታ ዐዋቂ፣ መብልና መጠጥ የሚወድ ሰው ስለ ነበረ፣ ዝቅተኛ ማዕረግ ያላቸው መኰንኖችና ተራ ወታደሮች በየድንኳናቸው ይቀበሉት ነበር። ከአለቆች በር መባረሩ፣ በኔ አስተያየት፣ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመው ነገር ነው። በአዛዡ ገበታ ቢቀርብ ኖሮ የአዛዡን ወሬ ይጽፍ ነበር።

ጦሩ በመስከረም 1854 ክሪሚያ ሲወርድ ድንኳን እንኳ ይዞ አልነበረም፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት በዝናብ ሲደበደብ አደረ። ከዚያ በፊት በቫርና ሰፈር ኮሌራ ብዙ ሰው ፈጅቶ ነበር። መስከረም 20 ቀን በአልማ ወንዝ ዳር ድል ተገኘ። ጥቅምት 25 ቀን ደግሞ በባላክላቫ የዘመኑን አንባቢ ያስለቀሰው ነገር ሆነ። ራግላን ከኮረብታ ላይ ሆኖ ሩሲያውያን የማረኳቸውን መድፎች ሲያነሡ አየ፤ ፈረሰኛው ጦር እንዲያግዳቸው በአንድ ብጫቂ ወረቀት ትእዛዝ ላከ። በሸለቆው ውስጥ የነበረው የፈረሰኞች አዛዥ ሎርድ ሉካን ግን እነዚያን መድፎች ከቆመበት ማየት አይችልም ነበር። ትእዛዙን ያመጣው ሻምበል ኖላን በእጁ ወደ ሸለቆው አመለከተ። በዚህ አለመግባባት 670 ያህል ፈረሰኞች በሎርድ ካርዲጋን መሪነት በፊትና በግራ ቀኝ በተጠመደ መድፍ መካከል ጋለቡ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ100 በላይ ሞቱ፤ ከ150 በላይ ቈሰሉ። ኖላንም በመጀመሪያው የመድፍ ተኩስ ወደቀ፤ ምን ለማለት እንደ ፈለገ የሚጠየቅ ሰው አልቀረም።

ራስል ይህን ሁሉ ከኮረብታው ላይ ሆኖ አየ። ወሬው በመርከብ ተጓጕዞ ኅዳር 14 ቀን ታተመ፤ ከውጊያው በኋላ 20 ቀን መሆኑ ነው። በታኅሣሥም ቴኒሰን የተባለው የእንግሊዝ ባለቅኔ በዚሁ ወሬ ተነሥቶ እስከ ዛሬ የሚታወቀውን ግጥሙን አሳተመ። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብዬ ራስልን ልውቀሰው። ጽሑፉ የፈረሰኞቹን ጀግንነትና የሰይፋቸውን ብልጭታ ሲያሳይ እጅግ ያምራል፤ ከማማሩም የተነሣ አንባቢው ስሕተቱን ትቶ ውበቱን ያዘ። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል። ራስል በዚያን ቀን የቆመው አዛዡ በቆመበት ኮረብታ ላይ ነበረ። ከኮረብታ ሲታይ ጦርነት ቲያትር ይመስላል፤ ከፈረሱ ጋራ የወደቀው ሰው ግን ያየው ሌላ ነው። ዘጋቢ የት ቆሞ እንዳየ ሳትጠይቁ ወሬውን አትቀበሉ።

ራስልን ታላቅ ያደረገው፣ እንደኔ ግምት፣ የባላክላቫው ፈረሰኛ አይደለም። ክረምቱ ነው። ኅዳር 14 ቀን (ያ ወሬ ለንደን በታተመበት ዕለት) በክሪሚያ ዳርቻ ብርቱ ማዕበል ተነሥቶ ብዙ መርከቦች ሰበረ። ከተሰበሩት አንዷ «ፕሪንስ» የተባለች የወታደሩን የክረምት ልብስ የጫነች መርከብ ነበረች። ከባላክላቫ ወደብ እስከ ጦር ሰፈሩ ያለው ርቀት ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ነገር ግን መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ድልዳል የሠራለት አልነበረም፤ አጋሰሱም በርኃብ አለቀ። ስለዚህ በወደቡ ስንቅ ተከምሮ፣ በሰፈሩ ወታደር ይራብ ነበር። ለእሽፍቅራ በሽታ መድኃኒት የሚሆን የሎሚ ጭማቂ ከመርከብ ደርሶ ለሳምንታት ሳይታደል ቆየ። እናንተን ከሁሉ የሚያስገርማችሁ ደግሞ ይህ ይመስለኛል፦ ለወታደሩ ቡና ሲታደለው ጥሬውን ነበር። ምጣድ የለ፤ ማገዶ የለ፤ ሙቀጫ የለ። በበረዶ ውስጥ የቆመ፣ ልብሱ የረጠበ ሰው እፍኝ ጥሬ ቡና ይዞ ምን ያደርገዋል? በለንደን ጽሕፈት ቤት ግን መዝገቡ «ቡና ታድሏል» ይል ነበር። መዝገቡ አልዋሸም፤ የጐደለው ምጣዱ ነው።

ራስል ይህን አይቶ ለአለቃው ለዴሌን በግል ደብዳቤ ጠየቀው፤ ልናገር ወይስ አፌን ልያዝ? ዴሌንም እውነቱን ጻፍ አለው። ከተላኩት ደብዳቤዎች አንዳንዶቹን ዴሌን ለማተም ሳይሆን ሚኒስትሮች እንዲያነቧቸው ብቻ አድርጓል። ይህን የምጠቅሰው ጋዜጣው ያገኘውን ሁሉ ያለ ማመዛዘን የሚበትን አለመሆኑን እንድታውቁ ነው። በአንጻሩ የታተመው ቀላል አልነበረም። ወታደሮች በጭቃ ውስጥ እንዴት እንደ ሞቱ፣ ፈረሶች በርኃብ እንዴት እንደ ወደቁ፣ የባላክላቫ ወደብ እንዴት እንደ ቈሸሸ፣ ልጁን ለዘመቻ የላከ ቤተ ሰብ በቁርስ ገበታው ላይ አነበበ። በዚያ ዘመን ታይምስ በየቀኑ 50,000 ያህል ቅጂ ይሸጥ ነበር፤ አንዱን ቅጂ ደግሞ ብዙ ሰው ይቀባበለው ነበርና የሰሚው ቍጥር ከዚህ እጅግ ይልቃል።

በዚህ ላይ የሌላው የታይምስ ዘጋቢ የቶማስ ቼነሪ ጽሑፍ ተጨመረ። ቼነሪ የሚኖረው በቁስጥንጥንያ ነበረ። በጥቅምት 1854 በከተማይቱ ማዶ በስኩታሪ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ሐኪም፣ አስታማሚና የቁስል ማሰሪያ ጨርቅ እንደ ጐደለው ጻፈ። አንባቢው ገንዘብ ማዋጣት ጀመረ፤ ጋዜጣውም የእርዳታ ገንዘብ አሰባሰበ። ፍሎረንስ ናይቲንጌልም 38 አስታማሚዎች አስከትላ ኅዳር 4 ቀን 1854 ስኩታሪ ደረሰች። ብዙ መጻሕፍት ታሪኩን በዚህ ይዘጋሉ። እኔ ግን አልዘጋውም። ናይቲንጌል ከደረሰች በኋላም በስኩታሪ ሰው መሞቱን አላቆመም፤ እንዲያውም በየካቲት 1855 ከ100 ሕሙማን 40 ያህሉ ይሞቱ ነበር። ሞቱ በብርቱ የቀነሰው በመጋቢት ከለንደን የተላከ የጤና ጥበቃ ጓድ መጥቶ በሆስፒታሉ ሥር የተደፈነውን የፍሳሽ ቦይ ካስጠረገ፣ የውኃውንም መንገድ ካጸዳ በኋላ ነው። ዘጋቢዎቹ የጨርቁን መጕደል አይተዋል፤ በወለሉ ሥር ያለውን ቦይ ግን አላዩም። ፋኖስ ይዛ በሌሊት ሕሙማን የምትጐበኝ ሴት ለጋዜጣ ትመቻለች፤ የፍሳሽ ቦይ አይመችም። ናይቲንጌል ራሷ በኋላ የሟቾቹን ቍጥር እየቀመረች ለጤና ጥበቃ መሻሻል ዕድሜዋን ሙሉ መታገሏ ይህን ጕድለት ከማንም በላይ እንደ ተረዳችው ያሳያል።

የወሬው ውጤት በፖለቲካም ታየ። ጥር 29 ቀን 1855 በእንግሊዝ ምክር ቤት ሮባክ የተባለ እንደራሴ የጦሩ ሁኔታ በአጣሪ ኮሚቴ እንዲመረመር ያቀረበው ሐሳብ በ305 ድምፅ በ148 ላይ አሸነፈ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሎርድ አበርዲን መንግሥት ወደቀ። የጦር ሚኒስትሩ የኒውካስል መስፍን ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በኋላም ወደ ክሪሚያ ሄዶ ራስልን ባገኘው ጊዜ መንግሥቱን የጣልኸው አንተ ነህ ብሎታል ይባላል። ከወደቡ እስከ ሰፈሩ የባቡር ሐዲድ የተዘረጋው፣ ስንቁም ሽቅብ መውጣት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው።

እንግዲህ የተቃዋሚውን ቃል እንስማ። ሎርድ ራግላን በኅዳር 1854 ለጦር ሚኒስትሩ በጻፈው ደብዳቤ አቤቱታ አቀረበ። ጋዜጣው የመድፎቻችንን ብዛት፣ የቆሙበትን ስፍራ፣ የባሩድ ማከማቻውን፣ የጐደለንን ጥይት ሳይቀር አትሟል፤ ጠላት ለሰላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም፤ በአምስት ፔኒ ጋዜጣ ገዝቶ ሁሉን ያገኛል፤ የሚል ነው። አምስት ፔኒ የታይምስ ዋጋ ነበረ። ራግላን ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ በወጣትነቱ በዋተርሉ ውጊያ ቀኝ ክንዱን ያጣ ሽማግሌ ወታደር ነው። በሰኔ 1855 ከዚያው ከጦር ሰፈሩ ሳይመለስ ሞተ። አቤቱታውን በስድብ ማለፍ አይገባም።

አንዳንድ ሰዎች ራስልን ለመከላከል ሲሉ ወሬው ለንደን እስኪደርስ ሁለትና ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ ተመልሶ ሴባስቶፖል ሲገባ ያረጀ ነው ይላሉ። ይህ ምክንያት ለግማሹ ብቻ ይሠራል። ዛሬ በዚህ ቀበሌ አለ የተባለ ሻለቃ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ ይገኛል፤ እውነት ነው። ከባድ መድፍ ግን ከምሽጉ ተነሥቶ አይሄድም፤ የባሩድ ቤትም እንዲሁ። እነዚህን ማተም ስሕተት ነበረ ብዬ እፈርዳለሁ፤ የሚያነበው ለንደን ያለው ሰው በዚህ ዕውቀት የሚያደርገው ምንም ነገር አልነበረውም፤ ሊጠቀምበት የሚችለው ጠላት ብቻ ነው።

የጥሬው ቡና ወሬስ? በዚህ ሩሲያዊው አዛዥ ምን ያተርፍ ነበር? የእንግሊዝ ጦር መራቡንና መታመሙን ከምሽጉ በመነጽር ሊያየው፣ ከምርኮኛና ከከዳተኛም ሊሰማው ይችል ነበር። ይህን የማያውቀው ምጣዱን መላክ የሚችለው የለንደን ሰው ነው። እንግዲህ መለያው መስመር እዚህ ላይ የሚሰመር ይመስለኛል። ወታደሩን ከጠላት ጥይት የሚጋርድ ምሥጢር አለ፤ አለቃውን ከተጠያቂነት የሚጋርድም ምሥጢር አለ። የራግላን አቤቱታ ሁለቱን በአንድ ከረጢት አሥሮ ያቀረበ ነው። ከ20,000 በላይ የእንግሊዝ ወታደሮች በዚያ ጦርነት ሞተዋል፤ ከነዚህ ውስጥ በውጊያ ወድቀውና ቈስለው የሞቱት ከ5,000 ያንሳሉ። የቀሩትን የጨረሳቸው ኮሌራ፣ ተቅማጥ፣ ታይፈስና ብርድ ነው። ከሩሲያ ይልቅ የፈጃቸው የገዛ አገራቸው አስተዳደር መሆኑን ቍጥሩ ይመሰክራል፤ ይህን ጠላት ደግሞ በምሥጢር ማሸነፍ አይቻልም።

ጋዜጣውን ግን ንጹሕ አድርጌ እንዳላቀርብላችሁ እሠጋለሁ። ጦሩ ወደ ሴባስቶፖል ይዝመት ብሎ በ1854 በጋ አጥብቆ ከወተወተው አንዱ ይኸው ታይምስ ነበር። ክረምት ሳይገባ፣ ስንቅ ሳይዘጋጅ ይዝመት ያለው ጋዜጣ፣ ስንቁ በጐደለ ጊዜ ከሳሽ ሆኖ ተነሣ። ደግሞም ከአልማ ድል በኋላ በጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንድ የታታር መልእክተኛ አመጣው የተባለን ወሬ ይዘው የለንደን ጋዜጦች፣ ታይምስም ጭምር፣ ሴባስቶፖል ተያዘች ብለው አተሙ። ከተማይቱ የተያዘችው ከዚያ በኋላ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር ነው። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለው ተረታችን ለአታሚም የሚሠራ ነው።

በቅጥሩ ውስጥ የነበሩት ሩሲያውያንስ? በዚያ ወገን እንዲህ ያለ ጋዜጣ አልተፈቀደም። ከመድፈኛው ጦር አንድ ወጣት መኰንን፣ ሊዎ ቶልስቶይ፣ ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ ለወታደሩ የሚሆን መጽሔት ለማውጣት በ1854 ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኒኮላስ ከለከለ። ቶልስቶይ በ1855 በምሽጉ ውስጥ ያየውን በትረካ መልክ ጽፎ «ሶቭሬመኒክ» ለተባለው መጽሔት ላከ፤ ሁለተኛው ትረካ በሳንሱር እጅ ተቈራርጦ፣ ያለ ስሙ ታተመ። ከተማይቱ የወደቀችው በዝምታው ምክንያት ነው አልልም፤ ዝምታው ግን አላዳናትም። የሩሲያ ወታደርም በበሽታ፣ በመንገድ እጦትና በስንቅ ሌቦች አልቋል፤ በምክር ቤት ተነሥቶ ይመርመር የሚል ሰው ብቻ አልነበረውም።

በመጋቢት 1855 ሮጀር ፌንተን የተባለ እንግሊዛዊ ፎቶግራፍ አንሺ በሠረገላ የጫነ ጨለማ ክፍል ይዞ ክሪሚያ ደረሰ፤ በሦስት ወር ገደማም ከ300 በላይ ሥዕሎች አነሣ። በሥዕሎቹ መኰንኖች ተቀምጠው ይታያሉ፤ ድንኳን፣ ፈረስ፣ ወደብ ይታያል፤ ሬሳ አይታይም። የዘመኑ መሣሪያ የሚንቀሳቀስ ነገር መያዝ እንደማይችል ዐውቃለሁ። ሬሳ ግን አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ፎቶግራፍ አይዋሽም የሚላችሁ ቢመጣ፣ ያልተነሣውንም ጠይቁት።

በሚያዝያ 1855 ከቫርና እስከ ባላክላቫ በጥቁር ባሕር ሥር የቴሌግራፍ ገመድ ተዘረጋ። የሳምንታት ወሬ የሰዓታት ሆነ። የጊዜ መርዘም ይሰጥ የነበረው መከላከያ በዚህ ቀረ፤ የራግላን አቤቱታም ከድሮው ይልቅ ክብደት አገኘ። ሆኖም ሕግ የወጣው ዘግይቶ ነው። የካቲት 25 ቀን 1856 አዲሱ አዛዥ ጄኔራል ኮድሪንግተን ለጠላት የሚጠቅም ዝርዝር የሚጽፍ ዘጋቢ ከጦሩ ሰፈር እንደሚባረር የሚገልጽ ትእዛዝ አወጣ። ሴባስቶፖል ከወደቀች አምስት ወር አልፎ፣ የሰላሙ ውል በፓሪስ ሊፈረም አንድ ወር ሲቀረው መሆኑ ነው። ለዚያ ጦርነት ጥቅም አልነበረውም፤ ከዚያ በኋላ ለመጡት ጦርነቶች ግን አርአያ ሆነ።

ዘጋቢን ጨርሶ ማባረር የሚያስከትለውን በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት ማየት ይቻላል። የፈረንሳይ ጦር በመጀመሪያ ዘጋቢዎችን ከለከለ፤ ፕሩሲያ ግን ፈቃድ እየሰጠች ተቀበለቻቸው። ራስልም፣ በዕድሜ ጠና ብሎ፣ ከፕሩሲያው አልጋ ወራሽ ጋራ ዘመተ። ስለዚህ የውጭው ዓለም የዚያን ጦርነት መጀመሪያ በአብዛኛው ያነበበው በጀርመኖች በኩል ቆመው ካዩ ሰዎች ነው። በሩን የዘጋ ወገን ወሬውን ያቆመ መስሎት ነበር፤ ያደረገው ግን ወሬውን ለባላጋራው ማስረከብ ነው።

ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እንዲሁ ያለ ነገር በአገራችን ሆኗል። በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት በርከት ያሉ ዘጋቢዎች አብረው መጡ። የኒው ዮርኩ «ሄራልድ» ዘጋቢ ሄንሪ ስታንሊ በስዊዝ ለሚገኘው የቴሌግራፍ ሠራተኛ አስቀድሞ ጉቦ ሰጥቶ ስለ ነበረ የመቅደላን መያዝ ከሁሉ ቀድሞ አስተላለፈ፤ ወዲያው ገመዱ ተበጠሰና የሌሎቹ ወሬ፣ የጦሩ መልእክት ሳይቀር፣ ዘገየ። በአሮጌ ሜዳ የወደቁት ኢትዮጵያውያን 700 ያህል ነበሩ፤ በዐፄ ቴዎድሮስ በኩል ቆሞ ያየውን በየቀኑ የሚልክ ጋዜጠኛ ግን አልነበረም። የኛ ጸሐፍት የንጉሡን ታሪክ ጽፈዋል፤ ሆኖም የነሱ ብራና ለንደን ሳይደርስ የስታንሊ ወሬ ተነቦ አልቋል። ከነዚያ መጤዎች መካከል «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» ለተባለው ጋዜጣ ሥዕል የሚሥል ዊልያም ሲምፕሰን የሚባል ሰው ነበረበት። ይህ ሰው በ1854 ክረምት ከክሪሚያ ምሽግ ተቀምጦ የሴባስቶፖልን ከበባ የሣለ ነው። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ቀለሙንና ወረቀቱን ይዞ፣ በዚያች ከተማ ስም የተጠራ መድፍ ወደ ተቀመጠበት አገር መጣ።